ለቲርና የቀረበው ሳህን

ኤልስፔት ድራመንድ ከጽሕፈት ክፍሏ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ የተገኘችው ሐሙስ ጠዋት፣ የስካርቬይ ወደብ ጭጋግ ገና ሳይነሣ ነበር። አንዱ የቤት ጫማዋ እግሯ ላይ አለ፤ ሌላው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ደረጃው ዝናብ ጠግቦ ያንጸባርቃል። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜ፣ በእንዲህ ያለ ደረጃ፣ በእንዲህ ያለ ጫማ! የብረት መደገፊያ አሠሪበት ብሎ ያልነገራት ሰው በከተማው አልነበረም።

መውደቅ ብቻ ቢሆን ሐዘኑ በበቃ። ነገር ግን በቀኝ እጇ ጡጫ ውስጥ የተቀደደ ቢጫ ወረቀት ተጨብጦ ተገኘ። ኤልስፔት የምትጽፈው በቢጫ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነው፤ የመጨረሻው መጽሐፏ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ከጠረጴዛዋ ላይ ጠፍቷል።

ኢንስፔክተር ኡና ማክራይ ከአውራጃው ከተማ መኪናዋን እየነዳች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ ከኪሷ የናና ከረሜላ አይጠፋም። የከተማው ፖሊስ ወጣቱ ፈርገስ በር ላይ ተቀበላት።

«አለቃዬ፣ ነገሩ አልቋል።»

«ገና ኮቴን አላወለቅኩም እኮ፣ ፈርገስ።»

«ማታ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ጸሐፊያቸው ሺና ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ ሲጨቃጨቁ የለንደኑ ሰውዬ ሰምቷል። እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ደግሞ ይሄን ይዩልኝ።»

ወደ ወጥ ቤቱ አስገባት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። አንደኛው ተበልቶ ተጠርጓል። ሁለተኛው ሙሉ ነው፤ ድንቹና የበጉ ሥጋ ቀዝቅዞ ሞራው ነጭ ሆኖ ረግቷል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተከተፈ ሽንኩርት አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ እንደ ዶቃ በመስመር ተደርድሯል። አጠገቡ ወተት የተሞላ ሰማያዊ ኩባያ አለ።

«ሺና ሽንኩርት አፏ አይገባም» አለ ፈርገስ። «ከተማው የሚስቅባት በዚህ ነው። ሽንኩርት ወዳዷ ቲርና ያለችበትን መጽሐፍ የምትተይብ ልጅ ሽንኩርት ትጠላለች! እራት ቀረቡ፣ ሽንኩርቷን አወጣች፣ ተጣሉ፣ ገፋቻት። በቃ።»

ኡና ጎንበስ ብላ ከሳህኑ አጠገብ ያለውን ሹካ አየችው። በናፕኪን እንደተጠቀለለ ነው። ፈትታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ደረቅና ንጹሕ ነበር።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም ነው የወደቁት። ግን...» ፈርገስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዲያው አልሞቱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲተነፍሱ ቆይተዋል ይላል። ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር።»

ኡና ከረሜላዋን አውጥታ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ሺና ልጅ አለቻት አይደል?»

«ሁለት ዓመቷ ነው። አባትየው የለም፣ ዘመድ የለም። ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ደውያለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ መጥተው ይረከቧታል።»

«አንተ ደግሞ ለዚህ ለዚህ ፈጣን ነህ።»

ሺና በጓሮ በኩል ባለው ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኗ ሮና አንድ እግሯ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጋ ጭኗ ላይ ትንፈራገጣለች። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ወለል! ኡና ሌላውን ካልሲ ከአልጋው ሥር ፈልጋ አለበሰቻት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር የሳበችው።

«ደሙ ከየት መጣ፣ ልጄ?»

«ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ... ቀዝቅዘው ነበር። እትዬ ኤልስፔት፣ እትዬ ኤልስፔት እያልኩ...» አቋረጠች። «ማታ ብወጣ ኖሮ በሕይወት አገኛቸው ነበር አይደል? ፈርገስ ነግሮኛል።»

«ለምን አልወጣሽም?»

«ሳህን ቀርቦ ነበራ።»

ኡና ማስታወሻዋን ከፈተች።

«ከፈጠሯቸው የመጽሐፍ ሰዎች አንዱ የሚለያቸው ቀን፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው እራት ያቀርቡለታል። አብረውት ይበላሉ፣ ያወሩታል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ይጽፋሉ። ሳህኑ እንደቀረበ ያድርና ጠዋት አጥሩ ላይ ለባሕር ወፎቹ ይሰጣል። ሳህን የቀረበ ማታ ማንም አይረብሻቸውም፤ እኔም በሬን ዘግቼ ከልጄ ጋር እተኛለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የጻፉት።»

«ትናንት ሳህኑ የማን ነበር?»

«የቲርና።»

ቲርና ማናት ብሎ የሚጠይቅ ሰው በስካርቬይ የለም። በኤልስፔት መጻሕፍት ውስጥ፣ ማርዌን በምትባለው ምድር፣ ሰዎችን በጨለማው ወንዝ ላይ በጀልባ የምታሻግር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ፍርሃት ሲይዛት ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፖም ትገምጣለች። በዚህች ልጅ ምክንያት አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ይመጣሉ፤ የወደቡ ግንብ ላይ ተሰልፈው ሽንኩርት እየገመጡ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። በከተማው ትምህርት ቤት ብቻ ቲርና የሚባሉ አምስት ልጆች አሉ።

«ስለዚህ ነው የተጨቃጨቃችሁት?»

«የዛሬ ማታው ሳህን የቲርና ነው ሲሉ፣ ቲርናን ከገደሏት ሌላ የሚተይብ ይፈልጉ አልኳቸው። እንዴት አፌ አወጣው! ሳቁና ‹አንቺ ልጅ፣ የአንጥረኛውንስ ሳህን ረሳሽው?› አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም።»

«አንጥረኛው ማነው?»

«በሦስተኛው መጽሐፍ ያለ ነው። ሳህን ቀርቦለት ነበር። ግን እሱ አልሞተም፤ አገሩ ገባ።»

ኡና ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ፤ ትንሿም ሳትቀር።»

«ምንም የለም። አራት ሰዓት ላይ ፖስታ መጣ። ልጆች ለቲርና የሚጽፉት ደብዳቤ በየረቡዑ ነው የሚመጣው፤ ጠቅልዬ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከላይ ያለው ፖስታ ላይ አረንጓዴ ጀልባ ተሥሎበት ነበር፤ ሮና ካልሰጠሽኝ ብላ አልቅሳለች። ከዚያ የለንደኑ ሰውዬ መጣ። ከዚያ ተጣላን።» እጆቿን አጣመረች። «እኔን ይውሰዱኝ። እሷን ግን ለማያውቋት ሰዎች አይስጡብኝ። መብራት ካልበራላት አትተኛም። ማን ይነግራቸዋል?»

«ልጅሽ ሽንኩርት ትበላለች?»

ሺና ግራ ገብቷት አየቻት። «እሷማ ጥሬውን ነው የምትቆረጥመው። ለእኔ ነው እንጂ የማይስማማኝ።»

የኤልስፔት የወንድም ልጅ ግሪጎር ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ‹የቲርና ዳቦ› የሚለው የሽንኩርት ዳቦው ከለንደን ድረስ ሰው ያስመጣል። ኡና ስትገባ ዱቄት በነካው ክንዱ እንባውን እየጠረገ ፊቱን ሊጥ አስመስሎታል።

«ማታ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ጋጋሪ ሌላ የት ይሆናል? ስምንት ሰዓት ሌሊት የሚነሣ ሰው ከዶሮ ጋር ነው የሚተኛው። ሚስቴን ይጠይቋት፤ ስታንኮራፋ አመሸህ ብላ ዛሬም አኩርፋኛለች።»

«ሺናን ትጠረጥራለህ?»

«ሺናን?» ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለበት። «እሷ እንኳን ሰው ዳቦ መቁረጥ አትችልም። ሽንኩርት ቀምሳ አታውቅም እያልኩ እዘባበትባታለሁ እንጂ ክፉ አይደለችም። አክስቴን ልብስ ደርቢ፣ ብዪ፣ ተኚ የምትላት እሷ ብቻ ነበረች። እኛማ ዳቦ ስንሸጥባት ነው የኖርነው።»

የለንደኑ ሰው ሚስተር ፔምብሩክ የኤልስፔት ወኪል ነው፤ መጻሕፍቷን ከአሳታሚ የሚያገናኝ። በእንግዳ ማረፊያው ሳሎን ያላነበበውን ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ስልክ ላይ ሲጮህ እንደነበር የማረፊያው ባለቤት ሳትጠየቅ ተናግራለች።

«ሺና ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁትን አላልኩም» አለ። «እኔም እኮ ለምኛታለሁ። ቀዶ ሕክምና እምቢ ያለ ልጅ ‹ቲርና ሽንኩርቷን ገምጣ ተሻግራለች› ብሎ የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ መውጣቱን የሚናገር ደብዳቤ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ትገድያለሽ ወይ አልኳት።»

«ምን አለችዎ?»

«ምንም! ያላለቀ ምዕራፍ አታወራም። በወጣትነቷ አንድ ጊዜ አውርታው መጽሐፉ ሞቶብኛል ትላለች። ከዚያ ወዲህ ቢላዋ አንገቷ ላይ ቢደረግ አትናገርም። እርስዎ ያውቃሉ እንዴ መጨረሻውን?»

«እኔ መጨረሻውን የማውቀው ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው» አለች ኡና።

ከዚያ በዚያ ክፉ ደረጃ ጉልበቷን እየደገፈች ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ወጣች። ግድግዳው በማርዌን ካርታ ተሸፍኗል። ከጠረጴዛው ሥር ካርድ የታጨቀበት የእንጨት መሳቢያ አለ፤ ለእያንዳንዱ የመጽሐፍ ሰው አንድ ካርድ። በግራ በኩል ‹ከእውነተኛ ሰው የወሰድኩት›፣ በቀኝ በኩል ‹ባለቤቱ እንዳይታወቅ የለወጥኩት› ይላል። የባለቤቱ ስም የትም አልተጻፈም። ኤልስፔት ከከተማው ሰው ሁሉ ትሰርቅ ነበር፤ ግን ከሰረቀችው ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። ደፋሩን ፈሪ፣ ጠጪውን ውኃ ወዳድ።

የቲርናን ካርድ አወጣችው።

‹የወሰድኩት፦ በአንድ እግር መቆም። የጎደለች የፊት ጥርስ። ሲበርዳት ጡጫዋ ውስጥ መተንፈስ።›

‹የለወጥኩት፦ የፀጉሯ ቀለም። ሽንኩርት።›

ኡና ካርዱን ኪሷ ከተተችው። ከመስኮቱ በታች አጥሩ ላይ የባሕር ወፎቹ ተሰልፈው ይጮኻሉ። ምግባቸውን የሚያወጣላቸው አጥተዋል።

የቀረችው ወይዘሮ ጄሲ ባሎክ ናት። ልጆች ለቲርና ለሚጽፉት ደብዳቤ በቲርና ስም መልስ የምትጽፈው እሷ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ከወደቡ በላይ ነው። ያለቀሰ ዓይን ነበራት፤ ግን በከተማው ያላለቀሰ ዓይን በዚያ ጠዋት አልነበረም።

«ይግቡ፣ ይግቡ፤ ረጥበዋል። ሾርባ ላቅርብልዎ፤ በባዶ ሆድዎ እንዳይታመሙ።»

ሾርባው የገብስ ነው፤ ካሮትና ድንች አለው። ኡና ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ቆም አለች።

«ይጣፍጣል። ሽንኩርት ግን የለውም።»

«ከልማድ ነው» አለች ጄሲ። «እዚህ ቤት ሽንኩርት አይገባም።»

ከምድጃው በላይ ፎቶ ተሰቅሏል። አንዲት ጥቁር ፀጉር ያላት ልጅ የወደቡ ግንብ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ጡጫዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። አንድ የፊት ጥርስ የላትም።

«ልጅዎ ናት?»

«ሊሊ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአባቷ ጀልባ ወጥታ ቀረች። እሱን ባሕሩ መለሰው። እሷን አልመለሰም።» ጄሲ የፎቶውን ጠርዝ በጣቷ ጠረገችው፤ አቧራ አልነበረበትም። «አፈር ያላለበሷት ልጅ ከባድ ናት፣ ኢንስፔክተር። በር በተንኳኳ ቁጥር...»

ኡና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኤልስፔት ቤት መቼ ነበር የሄዱት?»

«ደብዳቤ የምወስደው ረቡዕ ነው። ትናንት ግን ራሴን አሞኝ አልወጣሁም።»

ጠረጴዛው ላይ፣ በጀመረችው መልስ አጠገብ፣ የተከፈተ ፖስታ ተቀምጧል። ፖስታው ላይ አረንጓዴ ጀልባ ተሥሎበታል።

ኡና ማንኪያዋን መልሳ አነሣች። ሾርባዋን ጨረሰች፣ አመሰገነች። «አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ኤልስፔት ወጥ ቤት ሁላችሁንም እፈልጋለሁ» አለችና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን መሪውን ይዛ ትንሽ ቆየች። አንዳንዴ ማወቅም ያማል።

በቀጠሮው ሰዓት ሁሉም ተሰበሰበ። ግሪጎር ምድጃው አጠገብ ቆመ፤ ሚስተር ፔምብሩክ ሰዓቱን ያያል፤ ጄሲ የደብዳቤ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሺና ሮናን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ወትፋታለች። ውጪ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ መኪና ደርሶ ቆሟል፤ ሺና በመስኮቱ አይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ደም የለውም።

«ስለዚህ ሳህን ልንገራችሁ» አለች ኡና። «ፈርገስ ሲያየው ‹ሽንኩርት የሚጠላ ሰው እዚህ ተቀምጦ በላ› አለ። ሽንኩርት የሚጠላ ሰው ሲበላ ምን ያደርጋል? ሽንኩርቱን ያወጣና ሌላውን ይበላል። ይህ ምግብ ግን አልተነካም። ሹካው ከናፕኪኑ አልወጣም። ወተቱ እንደሞላ ነው። ሽንኩርቱን ያወጣው ሰው በጣቱ ነው ያወጣው፤ የበላውም ነገር የለም።»

«ታዲያ ምን አደከመው?» አለ ግሪጎር።

«ለሌላ ሰው ነዋ ያወጣው። ሌላ ሰው እንዲበላው። እስቲ ንገረኝ ግሪጎር፣ በዚህ ዓለም ላይ ለሌላ ሰው ብሎ ከትኩስ ምግብ ውስጥ ሽንኩርት በጣቱ የሚለቅም ማነው?»

ግሪጎር አሰበ። «እናቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«እናት። እዚህ ቤት ያለችው እናት ሺና ናት፤ የእሷ ልጅ ግን ጥሬውን ትቆረጥማለች። ደግሞም ሳህኑ የቲርና ነው። ከቲርና ሳህን ሽንኩርት የሚያወጣ ማነው? የዓለም ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሽንኩርት ወዳድነቷን ነው! መጽሐፉን ያነበበ ሰው ጨምሮ ያደርግላታል እንጂ አያወጣባትም። እንዲህ የሚሳሳት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቲርና ለእሱ የመጽሐፍ ልጅ ያልሆነችበት ሰው።»

ካርዱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኤልስፔት ቲርናን የወሰደቻት ከእውነተኛ ልጅ ነው። በአንድ እግሯ ከምትቆም፣ የፊት ጥርሷ ከጎደለ፣ ጡጫዋ ውስጥ ከምትተነፍስ ልጅ። ሰው እንዳያውቃት ሁለት ነገር ለወጠች፤ ፀጉሯንና ሽንኩርቱን። እውነተኛዋ ልጅ ሽንኩርት አትወድም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ካልገባበት ቤት ሾርባ በላሁ።»

ጄሲ ቅርጫቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ወይዘሮ ጄሲ፣ ትናንት አልወጣሁም አሉኝ። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ሺና እዚህ መስኮት ላይ ያስቀመጠችው አረንጓዴ ጀልባ ያለበት ፖስታ ግን ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ኤልስፔት በልታ ወደ ላይ ወጥታለች። ደብዳቤውን አነሡ፤ ዞር ሲሉ ሳህኑን አዩት።»

«ሰማያዊው ኩባያ» አለች ጄሲ፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ኩባያውን ሳየው የሷ መሆኑን አወቅኩ። ምግቡ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ቁጭ ብዬ... እጄ ራሱ ነው የለቀመው። ለቅሜ ስጨርስ ነው ሳህኑ ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ነገ ትሞታለች። ሁለተኛ ልትሞትብኝ ነው።»

«ኧረ እማማ ጄሲ» አለች ሺና።

«ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስትወርድ አገኘኋት፤ ወረቀቱን ይዛለች። ተንበረከክሁላት። ‹ኤልስፔት፣ በልጅነታችን፣ በሊሊ፣ አትግደያት› አልኳት። ‹ነገ ታዪዋለሽ› አለችኝ። ‹ዛሬ ንገሪኝ!› ‹ሳይተየብ አላለቀም፤ ያላለቀ ደግሞ አላወራም፣ ጄሲ፤ ታውቂያለሽ።› ፈገግ አለች። ፈገግ ስትል ነው ወረቀቱን የያዝኩት። ጎተትኩ። አልገፋኋትም፤ እሷም አልለቅ አለች፤ ከዚያ ወረቀቱ ተቀደደ...»

«ከዚያ ግማሽ ሰዓት ትተነፍስ ነበር።» የኡና ድምፅ አልጮኸም፤ ግን ‹እርስዎ› ማለቱን እዚያ ላይ ተወችው። «ሺና አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። አንዴ ብትጣሪ ትሰማሽ ነበር። ዝም ብለሽ ሄድሽ። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያቺ መኪና ለማን እንደምትመጣ ታውቂያለሽ። ልጅ ከእናቷ ጉያ ሲወሰድ ምን እንደሆነ በዚህ ከተማ ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ? ታዲያ እንዴት ሾርባ ታቀርቢልኛለሽ?»

ጄሲ ወደ ሮና አየች፤ ወዲያውም ዓይኗን መለሰች። «እሷ በሕይወት አለች ብዬ» አለች። «የትም ብትወሰድ በሕይወት አለች። የኔዋ ግን ከወረቀቱ ሌላ ምን አላት?»

«ምዕራፉን አላቃጠልሽውም» አለች ኡና። «ልጅሽ ውስጡ አለችና። አላነበብሽውምም፤ ሞቷን ለማንበብ አቅም አጥተሽ። ቤት ትተሽው መምጣትም አልሆነልሽም። ከገባሽ ጀምሮ ያን ቅርጫት መሬት አላስነካሽውም።»

ጄሲ ከደብዳቤዎቹ ሥር ቢጫ ወረቀቶቹን አወጣች። የላይኛው ጥግ ተቀድዷል። ኡና የሟቿን ቁራጭ አጠገቡ አስጠጋችው፤ ገጠመ።

«ሺና፣ የእጅ ጽሕፈቷን ካንቺ በላይ የሚያነብ የለም። የመጨረሻውን ገጽ።»

«አልችልም።»

«አንጥረኛው ሳህን ቀርቦለት አገሩ ገብቷል ብለሽኛል። ሰው ሁሉ የሞቱትን ብቻ ቆጠረ። ሳህኑ ግን የሞት አልነበረም፤ የስንብት ነበር። አንብቢ።»

ሺና ሮናን በአንድ ክንዷ አስተካክላ ወረቀቱን ተቀበለች። መጀመሪያ በዓይኗ ሄደችበት። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች፦

«‹ቲርና ጀልባዋን ለመጨረሻ ጊዜ አሰረች። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያሻግር። እግሯ ረጥቧል፤ ጡጫዋ ውስጥ እየተነፈሰች ዳገቱን ወጣች። ቤቱ እንደነበረ ነው፤ መብራቱም አልጠፋም። ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። እናቷ ስንት ዓመት እዚያ እንደቆመች ማን ያውቃል። የት ቆየሽ አላለቻትም። ፎጣ አምጥታ እግሯን አደረቀችላት፣ ወንበሯን ሳበችላት። ብዪ፣ ይቀዘቅዛል አለቻት። ሽንኩርቱን አውጥቼልሻለሁ።›»

ግሪጎር ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። ሚስተር ፔምብሩክ ተቀመጠ። ፈርገስ ካቴናውን አውጥቶ ይዞት ቀርቷል፤ ኡና በእጇ ጠብቅ አለችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ውጪ ላለችው የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነገር ተናገረች፤ መኪናው ተነሥቶ ዳገቱን ባዶውን ወረደ።

ጄሲ አላለቀሰችም። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ በሳህኑ ጠርዝ የተደረደረውን ሽንኩርት በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«አንዲት ቃል እኮ ናት» አለች። «አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ቆይታም ወደ ሺና ቀና አለች፤ ወደዚያች ልጇን ልታሳጣት ወደነበረችው ልጅ።

«ሺናዬ፣ ምንም ልልሽ አልችልም፤ የምልበት አፍ የለኝም። ግን ያችን የመጨረሻዋን... ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሺና የሮናን እግር ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰችና ወረቀቱን አነሣች።

«ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ» ብላ ከዚያ ጀመረችላት።